ከ750 ማይል በታች፦ የአጭር ርቀት ባቡርን ማን ይከፍልለታል?

እስከ 2019 አጋማሽ ድረስ በኢንዲያናፖሊስና በቺካጎ መካከል ሁለት የመንገደኛ ባቡሮች ይመላለሱ ነበር (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው «ካርዲናል» ይባላል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ያልፋል። ሌላኛው «ሁዠር ስቴት» ነበር፤ የቀሩትን አራት ቀኖች ይሸፍናል። ሐዲዱ አንድ ነው። መንገድ ላይ የሚቆሙባቸው ጣቢያዎችም፣ ክሮፎርድስቪል፣ ላፋየት፣ ሬንሰለር፣ ያው ናቸው። ሾፌሮቹና ትኬት ተቆጣጣሪዎቹ ሳይቀሩ የአንድ ድርጅት፣ የአምትራክ፣ ሠራተኞች ናቸው። ዛሬ የሚሳፈርና ነገ የሚሳፈር ሰው የተለያየ ባቡር መያዙን ላያውቀው ይችላል።

ልዩነቱ ያለው ከፋዩ ላይ ነው። ካርዲናል ከቺካጎ ተነስቶ በኢንዲያናፖሊስ አልፎ ኒው ዮርክ ድረስ ስለሚዘልቅ መንገዱ ከ1,100 ማይል ይበልጣል፤ ኪሳራውንም የሚሸፍነው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ሁዠር ስቴት ግን 196 ማይል፣ ማለትም 315 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሄዶ ስለሚያበቃ ኪሳራው በኢንዲያና ግዛት ትከሻ ላይ ወደቀ። ድንበሩን ያሰመረው ሕጉ ውስጥ የተጻፈ አንድ ቁጥር ነው፦ 750 ማይል፣ ወይም 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ። መስመሩ ከዚያ ከረዘመ ዋሽንግተን ይከፍላል፤ ካጠረ ደግሞ ባቡሩ የሚያልፍባቸው ግዛቶች ይከፍላሉ። ስለዚህ ኢንዲያና በሳምንት ለአራት ቀን ትከፍል፣ ሦስቱን ቀን ደግሞ በነጻ ታገኝ ነበር። 2019 ላይ የአገረ ገዥ ኤሪክ ሆልኮም አስተዳደር ለባቡሩ ይከፈል የነበረውን በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ከበጀቱ አወጣው፤ ምክር ቤቱም እንዳለ አጸደቀው። ጁን 30 ቀን ሁዠር ስቴት ለመጨረሻ ጊዜ ሄደ። ካርዲናል አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን ያልፋል።

የነገሩ ሥር 1970 ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ መንገደኛ የሚያመላልሱት የጭነት ባቡሮቹ ባለቤት የሆኑት የግል ኩባንያዎች ራሳቸው ነበሩ። አውሮፕላንና አውራ ጎዳና ተሳፋሪያቸውን ወሰዱባቸው። 1967 ላይ ደግሞ ፖስታ ቤቱ ደብዳቤውን ከአብዛኞቹ ባቡሮች ላይ ሲያወርድ፣ ኪሳራውን ያስታግስ የነበረው ገቢ ደረቀ። ኩባንያዎቹ ከመንገደኛ ገላግሉን ቢሉ ፕሬዝዳንት ኒክሰን በ1970 መጨረሻ ገደማ አንድ ሕግ ፈረሙና በሕጉ የተቋቋመው አምትራክ ሜይ 1 ቀን 1971 ሥራ ጀመረ። በዚያው ቀን በአገሪቱ ከነበሩት የመንገደኛ ባቡሮች ግማሽ ያህሉ ቀሩ። ሕጉ ታዲያ አንድ በር ክፍት ትቶ ነበር፦ ባቡሬ ቀረብኝ የሚል ግዛት ካለ፣ ከኪሳራው ድርሻውን ከፍሎ ማስመለስ ይችላል። ኢሊኖይ ወዲያው ተጠቀመችበት፤ ካሊፎርኒያም ቆየት ብላ ተከተለች።

በዚህ መንገድ የተሠራ ነገር ሲውል ሲያድር ፍርደ ገምድል መሆኑ አልቀረም። መጀመሪያ በተዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ የገባ አጭር መስመር ያለው ግዛት ምንም አይከፍልም። ጎረቤቱ ግን ለተመሳሳይ ባቡር ሚሊዮኖች ያወጣል። ውሉም እንደ ተደራዳሪው ጉልበት ይለያያል። ይህን ለማስተካከል የወጣው ሕግ የጸደቀው ኦክቶበር 2008 ነው። አወጣጡ ራሱ ይገርማል። ከወር በፊት ሎስ አንጀለስ አጠገብ ቻትስዎርዝ በሚባል ቦታ አንድ የመንገደኛ ባቡር ከጭነት ባቡር ጋር ፊት ለፊት ተጋጭቶ 25 ሰዎች ሞተው ነበር። ኮንግረስ የባቡር ደኅንነት ሕግ በአስቸኳይ ሲያወጣ፣ ለዓመታት ሲንከባለል የኖረው የአምትራክ ሕግም አብሮ ተጠቅልሎ አለፈ፤ ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽም ፈረሙበት። አንቀጽ 209 የሚለው እንዲህ ነው፦ ከ750 ማይል በታች ለሆኑ መስመሮች በሙሉ አንድ ወጥ የሂሳብ ቀመር ይውጣ፤ ሁሉም ግዛት በዚያው ቀመር ይክፈል። ከዋሽንግተን እስከ ቦስተን ያለው ዋናው መስመር ብቻ ከዚህ ውጭ ሆነ። ቀመሩ ኦክቶበር 2013 ላይ ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው ባቡሮች ይቀራሉ ብሎ ሰግቶ ነበር፤ ሆኖም ግዛቶቹ እያጉረመረሙም ቢሆን ሁሉም ፈረሙ። ዛሬ ከአምትራክ መንገደኞች ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው የሚጓዙት ግዛቶች በሚከፍሉላቸው በእነዚህ አጫጭር መስመሮች ነው።

ለግዛቱ የሚመጣው ሂሳብ ምን ይመስላል? የላይኞቹን መስመሮች ማንም ይረዳቸዋል፦ የነዳጅ፣ የሾፌርና የተቆጣጣሪ ደመወዝ፣ የሎኮሞቲቭና የፉርጎ ጥገና፣ ለሐዲዱ ባለቤት የሚከፈል ኪራይ፣ የጣቢያ ሠራተኛ። ወረድ ሲባል ግን ነገሩ ይደበዝዛል። የትኬት ሽያጭ ሥርዓቱ ድርሻ፣ የማስታወቂያ ድርሻ፣ የአምትራክ ፖሊስ ድርሻ፣ የዋናው መሥሪያ ቤት ድርሻ ይመጣል። አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚሠራ ሜካኒክ የሦስት ግዛት ባቡሮችንና የፌዴራሉን ባቡር በአንድ ፈረቃ ሲጠግን ከዋለ፣ ከደመወዙ ስንት እጁ የማን ነው? ይህን የሚያካፍለው የአምትራክ የሂሳብ ሥርዓት ነው። ከድምሩ ላይ የትኬት ገቢ ይቀነስና የቀረውን ግዛቱ ይከፍላል። የግዛቶቹ አቤቱታ ከጋራ ቆጣሪ መብራት የሚከፍል ተከራይ ከሚያሰማው አይለይም፦ ስንት እንዳበራሁ አላየሁም፣ ክፈል የተባልኩትን ግን አያለሁ። ኮንግረስ 2015 ላይ ግዛቶችና አምትራክ እየተገናኙ የሚከራከሩበት የጋራ ኮሚቴ በሕግ አቋቋመ፤ 2021 ላይ ደግሞ ቀመሩ ራሱ እንዲከለስ አዘዘ።

ወደ ኢንዲያና እንመለስ፤ የክፍያውን ችግር ከእርሷ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ የለም። ሁዠር ስቴት መጥፎ ባቡር ነበር ቢባል ሐሜት አይሆንም። ከኢንዲያናፖሊስ ማለዳ ይነሳል፤ ማታ ሲመለስ ሌሊቱ ሊጋመስ ይቃረባል። በመኪና ሦስት ሰዓት ከምናምን የሚፈጀውን መንገድ ባቡሩ አምስት ሰዓት ይሄድበታል፤ ምክንያቱም ቺካጎ እስኪገባ ድረስ የተለያዩ ኩባንያዎች ሐዲድ ላይ እየተሸጋገረ ተራ ይጠብቃል። ከባቡሩ ጭራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም ያልተሳፈረባቸው ፉርጎዎች ይጎተቱ ነበር። አምትራክ ኢንዲያናፖሊስ አጠገብ ቢች ግሮቭ የሚባል ትልቅ የጥገና ጋራዥ አለው፤ የተበላሹ ፉርጎዎችና ሎኮሞቲቮች ከቺካጎ ወደዚያ የሚሄዱት፣ ተጠግነውም የሚመለሱት በዚሁ ባቡር ነበር። ለመንገደኛ የቆመ የሚመስለው ባቡር በከፊል የጋራዥ ጎታች ነበር ማለት ነው።

ግዛቲቱ ሳትሞክር አልቀረችም። ላፋየትና ሌሎች በመስመሩ ላይ ያሉ ከተሞች ከየበጀታቸው አዋጡ። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያለው ላፋየት አጠገብ ስለሆነ ተማሪው ባቡሩን ይፈልገው ነበር። 2015 ላይ ደግሞ አዮዋ ፓስፊክ የተባለ የግል ኩባንያ ተቀጠረ። ኩባንያው የራሱን ፉርጎዎች አመጣ። ጣሪያው መስታወት የሆነ፣ ከላዩ ተቀምጠው አገር የሚያዩበት ፉርጎ ጨመረ፤ ባቡሩ ውስጥ የሚበስል ቁርስና እራት ማቅረብ ጀመረ። ተሳፋሪው ወደደው። ሾፌሮቹ ግን አሁንም የአምትራክ ነበሩ፤ ሐዲዱም የጭነት ኩባንያዎቹ። ምግቡ ቢጣፍጥም አምስቱ ሰዓት አላጠረም። ገቢና ወጪው አልገናኝ ያለው ኩባንያ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ለቆ ወጣ፤ ከማርች 2017 ጀምሮ አምትራክ ሁሉንም መልሶ ያዘ። በጀቱ ሲቆረጥ ኢንዲያና የእኔ ነው ብላ የምትከራከርለት ነገር አልነበራትም፦ ሐዲድ የላትም፣ ፉርጎ የላትም፣ ከየዓመቱ በጀት የተለየ የባቡር ገንዘብም የላትም። የነበራት በየጊዜው የሚመጣ ሂሳብ ብቻ ነው። ሂሳብ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ የመጀመሪያ ሐሳቡ አልከፍልም ማለት ነው።

እንዲህ ያለው አደጋ ዛሬም አለ። ከኦክላሆማ ሲቲ ወደ ፎርት ዎርዝ የሚሄደው «ሃርትላንድ ፍላየር» 1999 ላይ የተጀመረ፣ በኦክላሆማና በቴክሳስ መዋጮ የሚኖር ባቡር ነው። በ2025 የቴክሳስ ምክር ቤት የሁለት ዓመት ድርሻውን፣ 7 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ሳያጸድቀው ስብሰባውን ዘጋ። ባቡሩ ሊቆም ጥቂት ሲቀረው የሰሜን ቴክሳስ ከተሞች የትራንስፖርት ምክር ቤት 3.5 ሚሊዮን ዶላር ፈልጎ ለጊዜው አተረፈው። ሁለት ግዛት አንድ ባቡር ሲያሳድር፣ ከሁለቱ አንዱ ዝም ማለቱ ብቻ ባቡሩን ለመግደል ይበቃል።

ዊስኮንሲን ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ታሪክ አላት። በሚልዋኪና በቺካጎ መካከል የሚሠራው «ሃያዋታ» ከአገሪቱ የተሳካላቸው አጫጭር ባቡሮች አንዱ ነው፤ ከወጪው ዊስኮንሲን 75 በመቶ፣ ኢሊኖይ 25 በመቶ ይከፍላሉ። 2009 ላይ አገረ ገዥ ጂም ዶይል ለዚሁ መስመር ሁለት አዳዲስ ባቡሮች በ47 ሚሊዮን ዶላር ታልጎ ከተባለው የስፔን ኩባንያ አዘዙ፤ ኩባንያውም ሚልዋኪ ውስጥ ፋብሪካ ከፈተ። የፌዴራሉ መንግሥት መስመሩን እስከ ግዛቱ ዋና ከተማ ማዲሰን ለማስረዘም 810 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። በ2010 ምርጫ ያሸነፉት ስኮት ዎከር ግን ገንዘቡን አልቀበልም አሉ። ምክንያታቸው የግንባታው ወጪ አልነበረም፤ እርሱ በፌዴራሉ ይሸፈናል። የፈሩት ባቡሩ ሥራ ሲጀምር በየዓመቱ የሚመጣውን 7.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ገንዘቡ ለካሊፎርኒያና ለሌሎች ግዛቶች ተከፋፈለ።

የታዘዙት ባቡሮች ግን ተሠርተው አልቀው ነበር። ግዛቱ አልረከብም አለ፤ ታልጎ ከሰሰ። ባቡሮቹ፣ አንድ መንገደኛ ሳይሳፈርባቸው፣ በዚያው ቢች ግሮቭ በሚባለው ጋራዥ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ቆሙ። 2015 ላይ ግዛቱ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጨምሮ ከፍሎ፣ ባቡሮቹንም ለኩባንያው ትቶ ክሱን ዘጋ። መጨረሻቸው የት ይመስላችኋል? ሌጎስ። 2022 ላይ የናይጄሪያዋ የሌጎስ ግዛት ገዥ ባባጂዴ ሳንዎ-ኦሉ ሚልዋኪ ድረስ መጥተው ሁለቱንም ገዟቸው። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ መንገደኛ በሚያመላልሰው በሌጎሱ «ሬድ ላይን» ላይ እንዲሠሩ የተገዙ ናቸው። ሌጎስም እንደ ዊስኮንሲን የፌዴሬሽን አካል የሆነች ግዛት ናት፤ ፌዴራሉ እስኪሠራላት ሳትጠብቅ በራሷ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት የባቡር መስመር እየዘረጋች ያለች። አንዱ ግዛት ከፍሎ የጣለውን ሌላው ግዛት ውቅያኖስ አሻግሮ ወሰደው።

ዎከር ሃያዋታን አልነኩትም፤ በሥልጣን ዘመናቸው ሁሉ ድርሻቸውን ከፍለዋል። ስለዚህ ነገሩን የፓርቲ ጉዳይ አድርጎ ማየት ያሳስታል። ለዚህ ዋናዋ ምስክር ሰሜን ካሮላይና ናት፤ ፓርቲዎች ተፈራርቀው የሚገዟት፣ ለግብር እጇ የማይፈታ ግዛት ሆና ሳለ በራሌና በሻርሎት መካከል ባቡሯን ከዓመት ወደ ዓመት አበዛች። 1995 ላይ አንድ የነበረው የ«ፒድሞንት» ደርሶ መልስ ከ2023 ጀምሮ በቀን አራት ሆኗል፤ ኒው ዮርክ የሚዘልቀው «ካሮሊኒያን» ሲጨመር አምስት።

ምስጢሩ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስደናል። 1849 ላይ የግዛቱ ምክር ቤት ሰሜን ካሮላይናን አቋርጦ የሚያልፍ የባቡር ኩባንያ አቋቋመ፤ ቆይቶም ከአክሲዮኑ ሦስት አራተኛው የግዛቱ ሆነ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ሐዲዱ ለግል ኩባንያዎች በረጅም ኪራይ ተላለፈ፤ የመጨረሻው ኪራይ 99 ዓመት ነበር። ባለቤትነቱን ግን ማንም አልሸጠውም። ኪራዩ በ1990ዎቹ ሲያልቅ ግዛቱ ቀሪዎቹን የግል አክሲዮኖች 1998 ላይ ጠቅልሎ ገዛና 317 ማይል ሐዲድ ሙሉ በሙሉ የራሱ ሆነ። የጭነት ኩባንያው ኖርፎክ ሳውዘርን ዛሬ በዚያ ሐዲድ የሚሄደው በግዛቱ ኩባንያ ፈቃድና ክፍያ ነው። ሌላው ግዛት የጭነት ኩባንያ ደጅ ሲጠና፣ እዚህ ባለቤቱ ግዛቱ ነው። 2010 ላይ ከፌዴራል ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲገኝ ድርብ ሐዲዱና ድልድዩ የተሠራው ለራስ ንብረት ነበር።

ፉርጎዎቹንና አብዛኞቹን ሎኮሞቲቮች ግዛቱ አሮጌ ገዝቶ አሳድሷቸዋል። ሎኮሞቲቮቹ «ራሌ ከተማ»፣ «አሽቪል ከተማ» እየተባሉ በግዛቲቱ ከተሞች ስም ይጠራሉ። ፒድሞንት ውስጥ ምግብ የሚሸጥ ሠራተኛ የለም፤ ሳንቲም የሚበላ የብስኩትና የለስላሳ ማሽን አለ፣ ቡናና ውሃ ደግሞ በነጻ ይቀዳል። ፉርጎዎቹ ውስጥ እየተዘዋወሩ ለተሳፋሪው መንገድ የሚያመላክቱት፣ ሕፃን የያዘችን እናት የሚረዱት በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ጡረተኞች። ምግብ ቤት ያለው ፉርጎ በአሜሪካ ባቡር ዋና ኪሳራ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ ይህች የቡና ጀበና ያህል የምትመስል ቁጠባ በዓመቱ ሂሳብ ላይ ትታያለች። እኔ በበኩሌ ከአዮዋ ፓስፊክ መስታወት ጣሪያ ይልቅ ይህን ማሽን አምነዋለሁ።

ካሊፎርኒያ በሌላ መንገድ ሄደች። ጁን 1990 ላይ ሕዝቡ በድምፁ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የባቡር ቦንድ አጸደቀ። ፉርጎ ተገዛ፤ በሳክራሜንቶና በሳን ሆዜ መካከል የሚሠራው «ካፒቶል ኮሪዶር» በ1991 መጨረሻ ተጀመረ። 1998 ላይ አስተዳደሩ ከግዛቱ መሥሪያ ቤት ወጥቶ መስመሩ ለሚያልፍባቸው አውራጃዎች የጋራ ባለሥልጣን ተሰጠ፤ ባቡሩ የሚቆምበት ከተማ ሹም ቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ሰዓቱ ይጠይቃል። ሐዲዱ የዩኒየን ፓስፊክ ነው፤ ባለሥልጣኑ ግን ለተጨማሪ ጥገና ስለሚከፍለውና ባቡር በሰዓቱ ሲገባም ጉርሻ ስለሚሰጠው፣ የጭነት ኩባንያው ለመንገደኛው ባቡር መንገድ መልቀቅ ያዋጣዋል።

ቨርጂኒያ ከሁሉም ዘግይታ ጀምራ ከሁሉም በላይ የደፈረች ናት፤ ለእኛም ሰው ቅርብ ናት። ከዋሽንግተን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው፣ ወደ ሪችመንድ የሚወስደውን አይ 95 አውራ ጎዳና በታክሲና በኡበር ሥራ የሚያውቀው ወገናችን መንገዱ ምን እንደሚመስል ነጋሪ አያሻውም። ግዛቱ የመጀመሪያውን ባቡር ከሊንችበርግ ወደ ዋሽንግተንና ኒው ዮርክ የላከው ኦክቶበር 2009 ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከተጠበቀው ከእጥፍ በላይ ሰው ተሳፈረበት። ዋናው ምክንያት ተሳፋሪው ባቡር ሳይቀይር ፊላደልፊያና ኒው ዮርክ መድረሱ ነው። ዋሽንግተን ላይ የሚቀየረው ሎኮሞቲቩ ነው፦ በናፍጣ የሚሠራው ተፈትቶ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሲገጠም ፉርጎዎቹ ውስጥ መብራት ይጠፋል፣ ማቀዝቀዣው ጸጥ ይላል፣ ሰውም ስልኩን አብርቶ ይጠብቃል። ከዚያ ጉዞው ይቀጥላል። በ2012 ኖርፎክ፣ በ2017 ሮአኖክ ተጨመሩ።

ከዚያ በላይ መጨመር ግን አልተቻለም። ከቨርጂኒያ ወደ ዋሽንግተን የሚገባው የባቡር መንገድ ሁለት ሐዲድ ብቻ ባለው፣ ከ1904 ጀምሮ በቆመ አንድ ድልድይ ላይ ያልፋል፤ ድልድዩም የጭነት ኩባንያው የሲ.ኤስ.ኤክስ. ንብረት ነው። አማራጩ መንገዱን ማስፋት ነበር። ግዛቱ አስጠንቶ ያገኘው መልስ አይ 95ን በ52 ማይል ላይ በየአቅጣጫው አንድ አንድ መስመር ብቻ ለመጨመር 12.5 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፣ ሥራው ሲያልቅም መጨናነቁ እንደነበረው ይሆናል የሚል ነው። ዲሴምበር 2019 ላይ አገረ ገዥ ራልፍ ኖርዘም 3.7 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ሌላ ዕቅድ ይዘው ቀረቡ። የጭነት ኩባንያውን መለመኑ ቀርቶ ግዛቱ የባቡር መሬቱን ራሱ ይገዛል፤ 350 ማይል መሬትና 225 ማይል ሐዲድ በ525 ሚሊዮን ዶላር። ከአሮጌው ድልድይ ጎን ለመንገደኛ ባቡር ብቻ የሚሆን አዲስ ድልድይ ይሠራል። ሐዲዱንም የባቡሩንም ውል የሚይዝ ራሱን የቻለ የቨርጂኒያ መንገደኛ ባቡር ባለሥልጣን 2020 ላይ ተቋቋመ፤ የድልድዩ ግንባታ 2024 ላይ ተጀመረ።

ይህን ሁሉ ሐዲድ የገዛች ግዛት ሾፌር ቀጥራ የራሷን ባቡር ለምን አትነዳም? ምክንያቱ ሕጉ ነው። በጭነት ኩባንያ ሐዲድ ላይ በትንሽ ኪራይ የመሄድና ከጭነት ባቡር የመቅደም መብት በአሜሪካ ለአምትራክ ብቻ የተሰጠ ነው። ከሊንችበርግና ከኖርፎክ የሚመጡት ባቡሮች በኖርፎክ ሳውዘርን ሐዲድ ላይ ያልፋሉ፤ ከዋሽንግተን በስተሰሜን ደግሞ የአምትራክ የራሱ ሐዲድ ነው። ኢንዲያናም የግል ኩባንያ ቀጥራ ከአምትራክ ሾፌሮች ያልተላቀቀችው በዚሁ ነው። ስለዚህ ግዛቱ ይገዛል፣ ይገነባል፣ ሰዓቱን ይደራደራል፤ የሚነዳው አምትራክ ነው፤ ፉርጎው ላይም የሚጻፈው የአምትራክ ስም ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ተሳፋሪ ባቡር ሲዘገይ ወይም ሲያንስ የሚያማርረው በአምትራክ ላይ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሪችመንድ የማታ ባቡር ይጨመር የሚል ሰው ግን ማመልከት ያለበት ለግዛቱ ምክር ቤት አባሉና ለዚያው ለባለሥልጣኑ ነው፤ ገንዘቡም ውሳኔውም ያለው በግዛቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ ነው።